ከጣት ወይስ ከክንድ? ጅማ ላይ ሆናችሁ የስኳር መለኪያ ስትመርጡ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ድሮ ሽቶና ጫማ ነበር ይዞ የሚመጣው። አሁን አሁን ከሻንጣው ውስጥ የስኳር ሴንሰርም ብቅ ማለት ጀምሯል። ክንድ ላይ ይለጠፋል፣ ስልክ ይጠጋበታል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ጣት መውጋት የለ፣ ደም መጭመቅ የለ። ደስ ይላል። ከዚያ ለማመሳከር ተብሎ ጣት ይወጋል። የክንዱ 112 ይላል፣ የጣቱ 134። "እና የቱን ልመን?" ይመጣል።

ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። እውነተኛው ስኳር 123 ቢሆን የጣቱ ማሽን 9 በመቶ ያህል ወደ ላይ፣ ሴንሰሩ 9 በመቶ ያህል ወደ ታች ስቷል ማለት ነው። ይህን ያህል መሳሳት ለሁለቱም ያለ ነው። 112 ሆነ 134፣ አብዛኛው ሰው ቁርሱ ላይ የሚወስነው ነገር ብዙም አይለወጥም። ቁጥሮቹ 62 እና 84 ቢሆኑስ? ልዩነቱ ያው 22 ነው። ውሳኔው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ "ቶሎ ስኳር በጥብጠህ ጠጣ" ይላል፣ ሌላው "ምንም አልሆንክም" ይላል።

ስለዚህ መለኪያ ስትመርጡ "ስንት በመቶ ትክክል ነው?" ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። "በዚህ ቁጥር ምን ልወስንበት ነው?" በሉ። እኔም የማወዳድረው በዚሁ ዓይን ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ እኛ አገር በተለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ከአውሮፓ የመጣ ማሽን 6.5 ወይም 9.2 ካላችሁ አትደንግጡ፣ በሚሊሞል ነው የሚያወራው። በ18 አባዙት።

ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ ላብራቶሪ፣ የጣት ማሽን፣ ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰርና የሦስት ወሩ ምርመራ። አምስተኛ ነኝ የሚል አለ፤ እሱን ገና ከበሩ ልመልሰው። በየቴሌግራሙ የሚሸጠው "ያለ ደም ስኳር የሚለካ ሰዓት" ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2024 ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም አልፈቀድኩም ነው ያለው። ክንድ ላይ ካለ ሴንሰር ተቀብሎ ቁጥሩን የሚያሳይ ሰዓት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሰው ወሬ ነው የሚያወራው። በራሱ እለካለሁ የሚለውን ግን ለጌጥ ካልሆነ አትግዙት።

ላብራቶሪው

ማመሳከሪያው እሱ ነው። ከክንድ ደም ሥር ይቀዳል፣ ትልቁ ማሽን ይለካዋል። ሌሎቹ መለኪያዎች ትክክል ናቸው ሲባልም ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጋር ተወዳድረው ነው።

ግን እሱም ያመልጠዋል። የተቀዳ ደም ቱቦ ውስጥ ሆኖም ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም። ሳይለይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ወረፋ በበዛበት ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተቀድቶ 4 ሰዓት ላይ የተሠራ ደም፣ 150 የነበረውን ከ130 ብዙም ያልራቀ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል። የጣት ማሽናችሁን ከላብራቶሪ ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሳትበሉ ሂዱ። ደሙ እየተቀዳ እያለ እዚያው ጣታችሁን ውጉ። ከምግብ በኋላ ካደረጋችሁት ንጽጽሩ ይበላሻል፤ ያን ሰዓት የጣት ደም ከደም ሥሩ ደም በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ማሽኑ ምንም አላጠፋም።

የላብራቶሪው ትልቁ ችግር ግን ይሄ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ብትቀጠሩ፣ የምታውቁት የዚያን ቀን የጠዋት ስኳር ነው። ለቀጠሮው ተብሎ ሦስት ቀን እራት ቀለል የሚደረግበትንም ቤት እናውቃለን።

የጣቱ ማሽን

ለጣቱ ማሽን፣ ማለትም ለግሉኮሜትር፣ ግልጽ መስፈርት ወጥቶለታል። አይሶ 15197 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ2013 እትሙ እንዲህ ይላል፦ ከ100 ውጤት 95ቱ ከላብራቶሪው ሊርቁ የሚችሉት፣ ስኳሩ ከ100 በታች ሲሆን በ15 ቁጥር፣ ከ100 ጀምሮ ወደ ላይ ሲሆን በ15 በመቶ ነው። ሲተረጎም፣ እውነተኛው 200 ሆኖ ማሽኑ 170 ወይም 230 ቢል ፈተናውን አልፏል። ሁለቴ ተለክቶ 188 እና 203 ሲመጣ "ይሄ ማሽን ተበላሸ" ብሎ የሚወረውር ሰው ማሽኑን ያለ ጥፋቱ እየኮነነ ነው።

አብዛኛው ስህተት ከማሽኑ አይመጣም። ከእጅ ይመጣል።

ሄርመታ ገበያ ፍራፍሬ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። አንድ ቀን ማታ እቤት ገብታ ጣቷን ወጋች። 246። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቀኑን ሙሉ ከዳቦና ከሻይ ሌላ አልቀመሰችም። ልጇ "እስቲ እጅሽን ታጠቢ" አላት። በሳሙና ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ሌላ ጣት ወጋች። 141 መጣ። ቀን ሙሉ የበሰለ ማንጎ ስትነካ የዋለች እጅ ናት። ስትሪፑ (ማሽኑ ላይ የሚሰካው፣ ደሙ የሚነካው ቁራጭ) የሚፈልገው ደም ኢምንት ስለሆነ፣ ጣት ላይ የደረቀ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም ማር ብቻውን ቁጥሩን ሰማይ ያወጣዋል። በዚያ 246 ኢንሱሊን ጨምራ ተወግታ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆን ነበር።

አልኮል ብቻ መጥረግ ይህን በደንብ አያስለቅቅም። ሳሙናና ውሃ ነው መፍትሔው። ውሃ ጠፍቶ ከተቸገራችሁ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጓትና ሁለተኛዋን ተጠቀሙ። ጣቱንም እንደ ሎሚ አትጭመቁት፤ ከደሙ ጋር ሌላ ፈሳሽ ይቀላቀልና ውጤቱን ያዛባዋል።

ቀጥሎ ስትሪፑ አለ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጨው እንኳ ይረጥባል። ስትሪፕ እርጥበት አይወድም። ከገዛ ዕቃው አታውጡት፣ አንዷን መዛችሁ ክዳኑን ወዲያው ግጠሙት። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፣ የከሰል ምድጃ አጠገብም አይቀመጥም። ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የሁለት ዕቃ ስትሪፕ አንድ ላይ ደባልቆ ማስቀመጥም ይቅር።

ብዙ ሰው የማይነገረው ደግሞ የደም ማነስ ጉዳይ ነው። ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ብዙ የጣት ማሽኖች ስኳሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ያነባሉ። ይሄ ክፉ ስህተት ነው፤ የወረደ ስኳር ደህና መስሎ ይታያል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን ያርማሉ፣ ግን እነሱም ወሰን አላቸው፤ ወሰኑ ከስትሪፑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በቅርቡ ወባ አሟችሁ ከነበረ ወይም ደም ማነስ አለባችሁ ከተባላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

የትኛውን ማሽን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ ገልቱ ይመስላል፦ ማሽኑን ሳይሆን ስትሪፑን ምረጡ። ማሽን በስጦታም ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ዙሩ፤ የየትኛው ስትሪፕ ሳይቋረጥ እንደሚገባ ጠይቁ። ከዚያ የእሱን ማሽን ግዙ። ስትሪፑ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ካልመጣ የማይገኝለት ምርጥ ማሽን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያረጀው።

ሴንሰሩ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። አለመግባባቱ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሴንሰሩ ደም አይነካም። ከቆዳ ሥር ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል የምትገባ ቀጭን ክር አለችው፤ የምትለካው በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ የአዌቱ ወንዝ ከተማው ድልድይ ጋ እስኪሞላ ደቂቃዎች እንደሚያልፉት ማለት ነው። የሚዘገየው በግምት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ስኳሩ ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት መዘግየቱ ምንም ለውጥ የለውም። ስኳሩ እየሮጠ ሲሆን ግን ቁጥሩ የትናንት ወሬ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከቁጥሩ አጠገብ ቀስት ያሳያሉ። ፍሪስታይል ሊብሬ በሚባለው ሴንሰር ላይ አግድም የተኛ ቀስት ለውጡ በደቂቃ ከ1 በታች ነው ማለት ነው። ሰያፍ ከሆነ ከ1 እስከ 2። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከወረደ በደቂቃ ከ2 በላይ እየቀነሰ ነው። እንግዲህ ሴንሰሩ 85 ብሎ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቢሆን፣ መዘግየቱም 10 ደቂቃ ቢሆን፣ ደማችሁ ውስጥ ያለው 65 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። 85ን ብቻ አይቶ "ደህና ነኝ" ብሎ ባጃጁን የሚያስነሳ ሰው አደጋ ላይ ነው። ቀስቱን አይቶ ሻይ በስኳር የሚያዝ ሰው ግን ከጣት ማሽን የማያገኘውን ነገር አግኝቷል። ጣቱ 65 ይለው ይሆናል፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግን አይነግረውም።

ሲመለስም ያው ነው። ስኳር ወርዶ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ከጠጣችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ትለካላችሁ። ሴንሰሩ ያን ሰዓት ገና 60 ላይ ሊሆን ይችላል፣ ደማችሁ ግን 90 ደርሷል። "አልተነሳም" ብሎ ደግሞ መጠጣት፣ ከዚያ ደግሞ... ከአንድ ሰዓት በኋላ 280። እዚህ ጋ ጣት ነው መውጋት ያለባችሁ።

የሴንሰር ትክክለኛነት ሲነገር "ማርድ" የሚባል ቁጥር ትሰማላችሁ። ከላብራቶሪ ማሽን ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በስንት በመቶ ይስታል ማለት ነው። ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በወጡ ጥናቶች የመጀመሪያው ሊብሬ 11.4 በመቶ አካባቢ ነበር። ሊብሬ 2 ወደ 9.2 ወረደ፣ ሊብሬ 3 ደግሞ 7.9። ዴክስኮም ከሚባሉት ሌሎቹ ሴንሰሮች ጂ6 9 አካባቢ ነው፣ ጂ7 ክንድ ላይ ሲለጠፍ 8.2። ማለትም አዲሶቹ ከድሮዎቹ በግልጽ ይሻላሉ፤ በአዲሶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሻጩ እንደሚያጋንነው አይደለም። በ8.2 እና በ7.9 መካከል ያለውን ልዩነት እናንተ እቤት ሆናችሁ አታዩትም።

ማርድ ራሱም አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ይደብቃል። ስኳራቸው በተረጋጋ ሰዎች ላይ ብዙ ልኬት የሠራ አምራች ቆንጆ ማርድ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ያው ሴንሰር 60 ላይ ሲደርስ ሊያሳፍር ይችላል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ዝቅ ሲል እንዴት እንደሚሠራ ነው። ከ2018 ጀምሮ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከፍ ላለው የሴንሰር ምድብ ያወጣው መስፈርት ይህን ለይቶ ይጠይቃል፦ ስኳሩ ከ70 በታች ሲሆን ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ንባብ ከእውነተኛው በ15 ቁጥር ውስጥ መሆን አለበት። ሊብሬ 2ና 3፣ ዴክስኮም ጂ6ና ጂ7 ይህን አልፈዋል። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ርካሽ ሴንሰር ሲቀርብላችሁ "ዝቅ ሲል ስንት ነው ትክክለኛነቱ?" በሉ። ሻጩ ዓይኑን ካፈጠጠ መልሱን አግኝታችኋል።

ሴንሰሩን የሚያሳስቱት ነገሮች ደግሞ ከጣቱ ማሽን የተለዩ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ይቀላምዳል፤ ቆዳው ገና በተወጋበት ተቆጥቶ ነው። ሊብሬ ከተለጠፈ ከ60 ደቂቃ በኋላ፣ ጂ6 ከ2 ሰዓት፣ ጂ7 ከ30 ደቂቃ በኋላ ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥር ሰጡ ማለት ግን ተረጋጉ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው 24 ሰዓት በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን አመሳክሩ።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። አንድ የማውቃቸው አባት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንቂያው ጮኸባቸው። 54 ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ ተነሣ፣ ማር ተፈለገ። ልጃቸው ጣታቸውን ወጋች፤ 108። ግራ ጎናቸው ላይ ተኝተው ክንዳቸውን ተጭነውት ነበር። ሲጫኑት እዚያ አካባቢ ያለው ፈሳሽ ይሸሻል፣ ሴንሰሩ "ወረደ" ይላል። ሲነሱ ብዙም ሳይቆይ በራሱ ይመለሳል። ምልክቱ ይሄ ነው፦ መስመሩ ድንገት ገደል ገብቶ ድንገት ይወጣል። እውነተኛ የስኳር መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ዳገቱን ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ቀጣዩን ሴንሰር በማትተኙበት ጎን ለጥፉት።

ሦስተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። ጉንፋን ሲይዝ ከፋርማሲ የሚገዛው ውሃ ውስጥ የሚፈላው ክኒን ብዙ ጊዜ 1000 ሚሊግራም ነው። ሊብሬ 2 ላይ በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ መውሰድ ስኳሩን ያለ ልኩ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ብርቱካን መብላት እዚህ ውስጥ አይገባም፤ አንድ ብርቱካን ውስጥ ያለው ከ100 ሚሊግራም በታች ነው። ፓራሲታሞል ደግሞ የድሮዎቹን ዴክስኮሞችና የሜድትሮኒክን ሴንሰሮች ያሳስታል። ጂ6ና ጂ7 በየ6 ሰዓቱ እስከ 1 ግራም ድረስ ይችሉታል።

ከፍታው ያሳስተው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጅማ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሊብሬ 2 እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ይሠራል ተብሎ ተጽፎበታል። አያሳስባችሁ። ይልቅ ላቡና ዝናቡ ማጣበቂያውን ሊያነሣው ስለሚችል ቆዳውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ቅባት የተቀባ ክንድ ላይ አትለጥፉት።

ሰውነት በጣም ሲደርቅ፣ በከባድ ሕመም ሆስፒታል ሲተኛ ወይም ኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው በሴንሰር ብቻ መወሰን አይገባም። የደም ዝውውር ሲዳከም የጣት ደምም አይታመንም። ያኔ ወደ ላብራቶሪው ነው።

የሦስት ወሩ ምርመራ

ኤዋንሲ የሚሉት ነው። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ይነግራል፤ 7 በመቶ ማለት አማካዩ 154 አካባቢ ነው። ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእናንተ ዛሬ ማታ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደምትወጉ አይነግራችሁም። አንዴ 50 አንዴ 260 የሚል ሰውም፣ 150 ላይ ተረጋግቶ የሚኖር ሰውም አንድ ዓይነት 7 ሊያመጡ ይችላሉ።

እኛ አካባቢ ደግሞ የሚያሳስተው ነገር ቅርብ ነው። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈርስ ኤዋንሲ ያለ ልኩ ዝቅ ይላል። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ደም ተሰጥቷችሁ ከነበረም ለጊዜው አይታመንም። የጣቱ ቁጥሮች 200 እያሉ ኤዋንሲ 6 ከመጣ "ተሻለኝ" ከማለት በፊት ይህን አንሡ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ሴንሰር መግዛት ግዴታችሁ አይደለም። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን አደገኛ በሆነ መንገድ የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ጥሩ የጣት ማሽን፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ በጥንድ የሚደረግ ልኬት፣ በየጊዜው ኤዋንሲ ይበቃል። በጥንድ ስል ከምግብ በፊትና ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ማለቴ ነው። አንድ ቀን ለጨጨብሳ በማር፣ አንድ ቀን ለእንጀራ በሽሮ፣ አንድ ቀን ለቆጮ። የተለመደው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። ሐኪማችሁ ሌላ ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ።

ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። "ክኒን ነው እንጂ ኢንሱሊን አይደለም" ብላችሁ አትናቁት። ስኳር ያወርዳል፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ረጅም ሰዓት ያወርዳል። ለእነሱ ቢያንስ ስትሪፕ ከቤት አይጥፋ።

ኢንሱሊን የሚወጉ፣ በተለይም ሌሊት ስኳራቸው የሚወርድባቸው ወይም ሲወርድ ምልክቱ የማይታወቃቸው ሰዎች ሴንሰሩ ይገባቸዋል። ሳልወላውል ነው የምለው። ለእነሱ የነጠላው ቁጥር 9 በመቶ መሳት ኢምንት ነው፤ ሳይለኩ የሚያድሩት ሌሊት ነው የሚጎዳቸው። ማንቂያ ያለው ይሁን። የመጀመሪያው ሊብሬ ስልክ ካላስጠጉበት አይናገርም፤ ሊብሬ 2ና 3፣ ዴክስኮሞቹም ራሳቸው ይጮኻሉ። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆችም እዚሁ ናችሁ። ነፍሰ ጡሮች ሁለቱንም አስተባብረው፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው።

"በየሁለት ሳምንቱ መግዛት አልችልም" ለሚል ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ፤ ለጅማ ኑሮ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። ሴንሰሩን ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ለ14 ቀን ብቻ ልጠፉት። በሦስት ወር አንዴ በሉት። ከ14ቱ ቀን ጠቅላላ ጊዜ ቢያንስ 70 በመቶው ከተመዘገበ ሐኪሙ የሚሠራበት መረጃ ይሆናል። ሊብሬ 2 በራሱ የሚያስታውሰው 8 ሰዓት ያህል ነው፤ በየ8 ሰዓቱ ካላነበባችሁት መካከሉ ባዶ ይሆናል። ሐኪሙ የሚያየው ስኳራችሁ ስንት ሰዓት ከ70 እስከ 180 ውስጥ እንደቆየ ነው። ለብዙ ሰው ከጊዜው ከ70 በመቶ በላይ ይፈለጋል፣ ስኳሩ ከ70 በታች ሆኖ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ። ለአረጋውያን ከፍታው ላላ ይላል፣ ዝቅታው ይጠብቃል። በቀረው ጊዜ ጣት ነው።

ረመዳን ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። ጣት መውጋትም ሴንሰር መለጠፍም ጾም አያስፈታም። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከረመዳን ጋር በተያያዘ ያወጣው መመሪያ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ ይፈታ ይላል። ሴንሰሩ ከሰዓት በኋላ 74 ብሎ ቀስቱ ወደ ታች ከሆነ ኢፍጣርን አትጠብቁ፤ ጣት ውጉና ወስኑ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ኦርቶዶክስም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ላይ ካለ ይኸው ይመለከተዋል። መጠኑን ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

ክንድና ጣት ሲጣሉ

ሰውነታችሁ የሚላችሁንና ሴንሰሩ የሚላችሁን አስተያዩ። አላበኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ራበኝ እያላችሁ ሴንሰሩ 95 ካለ ሴንሰሩን አትመኑ፣ ታጥባችሁ ጣት ውጉ። መውጊያው ቅርብ ካልሆነ መጀመሪያ ስኳሩን ውሰዱ። ቀስቱ አግድም ሆኖ ልዩነቱ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙት። አሁንም ያው ከሆነ ጣቱን ያዙ። ቀስቱ እየወጣ ወይም እየወረደ እያለ የተደረገ ንጽጽር ንጽጽር አይደለም፤ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ዴክስኮም ላይ የጣቱን ቁጥር አስገብታችሁ ማስተካከል ይቻላል። ሊብሬ 2 ላይ አይቻልም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚኖረው።

ከመግዛት በፊት

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። በቀን 4 ጊዜ ጣት የሚወጋ ሰው በ14 ቀን 56 ስትሪፕ ይጨርሳል። የአንዷን ስትሪፕ ዋጋ በ56 አባዙና ከአንድ ሴንሰር ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሴንሰር ገዝታችሁም ቢሆን አንድ ዕቃ ስትሪፕ ከቤት አይታጣ። ስልክ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሴንሰሩ ባጃጅ በር ላይ ተላትሞ ይወድቃል።

ዘመድ ከመላኩ በፊት የስልካችሁን ሞዴል ላኩለት። ሊብሬን በስልክ ለማንበብ ስልኩ ኤንኤፍሲ (ሲጠጋ የሚያነብበት መሣሪያ) ያስፈልገዋል፤ ርካሾቹ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ የለም። አፑም በየአገሩ ስለሚለያይ ሴንሰሩ የተገዛበት አገርና የስልኩ አካውንት ሳይገናኙ ይቀራሉ። ከሴንሰሩ ጋር የሚሄደውን የራሱን ማንበቢያ አብሮ ቢልክ ብዙ ጣጣ ይቀራል። የመጀመሪያው ሊብሬ ማንበቢያ ግን ሊብሬ 2ን እንደማያነብ ንገሩት። ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ሳምንት የቀረው ሴንሰር በቅናሽ ሲሸጥ አትሻሙ። ሳጥኑንም እስከ መጨረሻው ቀን አትጣሉት። ሴንሰሩ ቀኑ ሳይደርስ ከሞተ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ለገዛው ዘመድ ላኩለት። እሱ ባለበት አገር አምራቹን ምትክ ሊጠይቅበት ይችላል።